የረጀብ ዋዛ ጉልበት

ዋዛ ሲባል ቀልድ የሚመስለው ሰው ረጀብ ዋዛን አላየውም። በእኛ ከተማ በስሪናጋር ዋዛ ማለት የሰርግ ወጥ ሠሪ ነው፤ አባት ለልጅ የሚያወርሰው፣ አንድ ሰፈር ሙሉ የሚተዳደርበት ሙያ። ከዋዛዎቹ ሁሉ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ረጀብ ነበር። እሱ ሲስቅ ካያችሁ አጠገቡ አንድ ሰው እየተዋረደ ነው ማለት ነው።

ይህን ስል ስለ ክፉ ሰው ልተርክ አይደለም። ክፉ ሆኖ የተፈጠረ ሰው መኖሩን ድሮም ብዙ አላመንኩም። በዕድሜዬ ያየሁት ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ውሻ እንኳ ባዶ ሜዳ ላይ ጭራውን ይቆላል፤ የሚያጉረመርመው አጥንት ሲጣልለት ነው።

የረጀብ አጥንት ከእሳቱ ራስጌ ያለች፣ አንድ ሰው ቁጢጥ ቢልባት የምትሞላ መሬት ነበረች። ዋዛዎች ቆመው አያበስሉም። ሙሉ ግንድ መሬት ላይ ይጋደምና ይያያዛል፤ የመዳብ ድስቶች በግራና በቀኙ ይደረደራሉ፤ አለቃው ራስጌው ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ሌሎቹ እንደየማዕረጋቸው ወደ ግርጌ ይወርዳሉ። ጨው የሚጨምረው አለቃው ብቻ ነው። ሰባት በግ ይታረድ ሰባ፣ ጨው የሚነካው አንድ እጅ ነው፤ ያም እጅ ከድስቱ አፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። «ድስት ለቆመ ሰው አይናገርም» ይላሉ ሽማግሌዎቻቸው፤ «እሳትን ቁልቁል ያየ ጨው አይንካ።» ስለዚህ የዚያ ሙያ ሥልጣን ያለው እጅ ላይ ሳይሆን ጉልበት ላይ ነው። ረጀብ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ሌላው ሰው ስለ ልቡ እንደሚጨነቅ እሱ ስለ ጉልበቱ ይጨነቅ ነበር።

አባታቸው ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን በተወለዱበት የእስልምና ወር ሰየማቸው፤ ትልቁ ረጀብ፣ ትንሹ ሻዕባን። ሻዕባን እሳቱ ዳር አንዲት ነገር ሊያዝ አፉን ከከፈተ ረጀብ ጭልፋውን ወደ ላይ ያነሣና እኔን ይጠራኛል። ጎረቤቱ ነበርኩ፤ ኮሌጅ ፍልስፍና አስተምር ስለነበር ለቀልዱ ምስክር እሆንለት ነበር።

«መምህር! አንተ የተማርክ ነህ። ሻዕባን ከረጀብ ቀድሞ የገባበት ዓመት አለ?»

«የለም።»

«ሻዕባንን ተከትሎስ ምን ይመጣል?»

«ረመዷን።»

«ሰማችሁ? እሱ ከነገሠ የሚከተለው ፆም ነው!»

ረዳቶቹ ሁሉ ይስቃሉ። ሻዕባንም አብሮ ይስቃል። ዕድሜ ልኩን አብሮ ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው።

የሻዕባን አንዲት ልጅ ስትዳር እኔም እዚያ ነበርኩ። ሻዕባን አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ከአማቾቹ ፊት፣ ወደ ወንድሙ ቀረበና «ጋሼ፣ ዛሬ አንዷን ድስት ብቻ ጨው እንድጨምርባት ይፍቀዱልኝ፤ ልጄ አባቴ ያጣፈጠው ብላ እንድትበላ» አለው። ረጀብ ቀና ብሎ ሳያየው «አንተ የሙሽራዋ አባት ነህ እንጂ የድስቱ አባት አይደለህም፤ ሂድ ሽንኩርት ላጥ» አለ። ሻዕባን በአዲስ ልብሱ ቁጭ ብሎ በገዛ ልጁ ሰርግ ሽንኩርት ላጠ። እንባው ሲወርድ ሴቶቹ «አይ አባት፣ ልጁን ሲሸኝ አለቀሰ» ተባባሉ። ረጀብ ሳቀ። ለሦስት ክረምት ያንን እየተረከ ሳቀ።

ጉልበት ግን የማንም ባሪያ አይደለም። ዕድሜ ልክ ከእሳት ፊት የታጠፈ ጉልበት አንድ ቀን አልዘረጋም ይላል። በአንድ የመኸር ሰርግ ረጀብ ራስጌው ላይ ቁጢጥ እንዳለ መነሣት አቃተው። ጮኸ። አራት ረዳቶች አቅፈው ሲያነሡት ከእንግዶቹ አንዱ «ድስቱን ነው ሰውዬውን የምታወርዱት?» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ አናጋው። የሙያው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ትልቃቸው ላሳ ዋዛ ፍርዱን ተናገረ፤ ክረምቱ የሕክምና ነው፣ ሰርግ የለም። በጸደይ ረጀብ ቁጢጥ ማለት ከቻለ ጨው የእሱ ነው። ካልቻለ ወደ ሻዕባን ያልፋል።

ረጀብ በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገባ። በሐኪም ቢላዋ ስም የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር፤ ግን ጨው በሻዕባን እጅ ከሚገባ በእሱ ጉልበት ብረት ይግባ። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ታላቁ አርባ የምንለው ብርድ ሊገባ ሲል ነው፤ ሐይቁ የሚረጋበት፣ የውኃ ቧንቧ የሚሰነጠቅበት፣ ከየጣሪያው ጠርዝ በረዶ እንደ ጦር የሚንጠለጠልበት ወቅት።

በሆስፒታል የሆነውን የነገረችኝ ምራቱ ታጃ ናት። ባሏ፣ የረጀብ ልጅ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሻል ሊሸጥ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ አማቷን የምታስታምመው እሷ ብቻ ነበረች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«አባባ፣ ብረቱ ገብቷል፤ የእኔ ሥራ አልቋል» አለችው። «ከእንግዲህ ያለው የእርስዎና የበረዶው ነው።»

«የምን በረዶ?»

«ጉልበትዎ ያብጣል። ያበጠ ጉልበት አይታጠፍም። በረዶውን በፎጣ ጠቅልለው ያስቀምጡበት፣ ያንሡት፣ ቆይተው ይድገሙት። እብጠቱ ሲወርድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጥፉት።»

«ልጄ፣ እኔ የእሳት ሰው ነኝ። ሰው በታላቁ አርባ በረዶ ይታቀፋል?»

«ቁጢጥ ማለት ይፈልጋሉ አይደል?»

ረጀብ ጉልበቱን አየ።

«እንግዲያው ይታቀፋሉ። ፍም ግን አይቅረብዎት። ካንግሪ ፈጽሞ! ቢላዋው ያለፈበት ቆዳ ለብዙ ጊዜ አይሰማዎትም፤ ቢቃጠል እንኳ አያውቁትም።»

ሻዕባን ቦርሳ ይዞ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቶ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። «ዶክተር፣ ምንም አይሰማቸውም? ትንሽም?» አለ።

«ቆዳው ላይ ምንም።»

«አላህ ያግዛቸው» አለ ሻዕባን።

ካንግሪ በቀንበጥ የተለበጠች የፍም ሸክላ ናት። ክረምቱን ሙሉ ፈረን ከሚባለው ሰፊ ቀሚሳችን ሥር ይዘናት እንዞራለን፣ ስንቀመጥም በጉልበቶቻችን መካከል እናኖራታለን። በእኛ ዘንድ በታላቁ አርባ ካንግሪ ያልያዘ ሰው ወይ ሬሳ ነው ወይ ቱሪስት። ሐኪሟ ያዘዘችው እንግዲህ ምን እንደሆነ ይታያችሁ፤ ረጀብን ከሕያዋን መካከል ውጣ ነው ያለችው።

መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ዋጋ የለውም፤ ታጃ ግን አልቸገራትም። በመጥረጊያ እንጨት ከጣሪያው ጠርዝ የተንጠለጠለውን እየመታች ታወርዳለች፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትቀጠቅጣለች። የመጀመሪያው ቀን ረጀብ ድምፁን ሰምቶ ከአልጋው ጮኸ።

«ምንድን ነው የሚደቃው? በምንድን ነው የምትቀጠቅጪው?»

«በመዶሻው ነዋ አባባ።»

«በሥጋው መዶሻ? የአያቴ መዶሻ ከሥጋ በቀር ምንም ነክቶ አያውቅም!»

«ይሄም ለሥጋ ነው። እግርዎን ያምጡ።»

ፎጣውን ስታሳርፍበት «ገደልሽኝ!» አለ።

«ገና ነው» አለች ታጃ።

ሙሽራ ሆና በገባች ማግስት ያበሰለችውን ቀምሶ «ለዶሮዎቹ ስጧቸው፤ ካልሞቱ ነገ እቀምሳለሁ» ያለው ይህ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሠራችውን አንድ ቀን ሳይሰድብ ጎርሶ አያውቅም። በረዶውን ስትጭንበት ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር ብዬ አልዋሽም። ሲያቃስት ጣቷን ጉልበቱ ላይ ጫን ታደርግ ነበር። ግን ፎጣውን አንድ ቀን አልረሳችም፤ ቆዳው እንዳይነድ ታየዋለች፣ ታነሣለች፣ ታደርቃለች፣ እንዲያጥፈው ትጮህበታለች። እንዲህ ያለውን ጥላቻ እኔ ከብዙ ሰው ፍቅር አስበልጠዋለሁ። ፍቅር ይደክመዋል፤ የእሷ ጥላቻ ግን በሰዓቱ ይመጣ ነበር።

በረዶውም ሠራ። እንደ ሊጥ ያበጠው ጉልበት ቀስ በቀስ ቅርጹን አገኘ። አንድ ቀን ገብቼ ረጀብ የአልጋውን እግር ይዞ ግማሽ ድረስ ወርዶ አገኘሁት፤ ፊቱ በላብ ታጥቧል፣ ጥርሱን ነክሷል።

«አየህ መምህር? ብረት እንኳ ይታዘዘኛል!»

«ግማሽ ነው እኮ አባባ» አለች ታጃ ከኋላ።

«ዝም በይ አንቺ ዶሮ ገዳይ። ጸደይ እስኪመጣ መሬቱን እስመዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማንም እንደ እሱ በረዶን ያመሰገነ አልነበረም። ከፀሐይ በኩል የወረደው ይሟሟል፣ ከሰሜኑ ጣሪያ አምጪ እያለ ያማርጥ ጀመር፤ ሥጋ እንደሚመርጥ። ቁጢጥ የሚልበትን ሰርግ አስቀድሞ ያየው ነበር፤ የፖም ነጋዴው ሐጂ ሙቅቢል ልጁን በጸደይ ይድራል፣ አገር ይጠራል፣ ሻዕባንም በግርጌ ሆኖ ሽንኩርት ይልጣል። ይህን ሲናገር ዓይኑ ያበራ ነበር። ሰው ተስፋ ሲያገኝ ይለሰልሳል ይላሉ፤ እኔ ያየሁት እንደ ቢላዋ ሲሳል ነው።

ታጃ በሩ ላይ ሕግ አወጣች። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ካንግሪውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይገባል። በእኛ አገር ይህ እንግዳን ጫማ ሳይሆን ቆዳ አውልቅ እንደማለት ነው። ሰፈሩ አፉን ከፈተባት። ጎረቤታችን አሮጊቷ ፋታ ከመስኮቷ «ታጃ አማቷን በበረዶ ይዛዋለች፤ ሬሳው እንዳይሸት ነው!» ብላ ጮኸች፤ መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ታጃም ቀና ብላ «አንቺን ማን ይያዝልሽ እትዬ ፋታ? የሚሸተው ከአሁኑ ነው» አለቻት። እንዲህ ነበር ክረምቱ የሚያልፈው።

ታላቁ አርባ አልፎ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ሽማግሌዎቹ መጡ። ላሳ ዋዛ፣ ሌሎች ሁለት፣ ከኋላቸው ሻዕባን። እኔ ከረጀብ ጎን ተቀምጬ ነበር፤ ታጃ በረዶውን ገና ማንሣቷ ነበር። በር ላይ ካንግሪዎቹን ተቀበለች። ሻዕባን እጆቹን በፈረኑ ውስጥ እንዳደረገ «እኔ አልያዝኩም፤ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት» አላት። ታጃ ሻይ ልታፈላ ወደ ውስጥ ገባች።

ላሳ ዋዛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ረጀብ፣ ሐጂ ሙቅቢል የሰርጉን ቀን ቆርጧል። ጨው በማን እጅ ነው ብሎ ጠየቀን። እኛም አይተን እንመልስልሃለን አልነው።»

«እዩ!» አለ ረጀብ። ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ ተረከዙን ወደ መቀመጫው ሳበ፤ ጉልበቱ ከፈረኑ ሥር እንደ ድንኳን ምሰሶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «ማሻ አላህ» አለ።

«ታዲያ ጨው በማን እጅ ነው?» አለ ረጀብ።

ያን ጊዜ ሻዕባን ተንበርክኮ የወንድሙን እጅ ያዘ። «ጋሼ፣ እጅዎ እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል» አለ። ከፈረኑ ሥር ካንግሪዋን አወጣ፤ አመዷ ተጠርጎ ፍሟ ቀልታ ነበር። በሁለት እጁ ዘረጋለት። «የወንድም ፍም ነው። ይቀበሉኝ።»

ከሰው ፊት፣ በሁለት እጅ፣ ከራስ ገላ ወጥቶ የተሰጠ ካንግሪ አይመለስም። «ፍሜን መለሰብኝ» ማለት በእኛ ዘንድ «ካደኝ» ማለት ነው፤ በዚያች ቃል የተለያዩ ወንድማማቾች በቀብር እንኳ አይገናኙም። ረጀብ ካንግሪዋን አየ። ወደ ማድ ቤቱ በር አየ። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ የሐኪሟ ቃል ከእሱም ከእኛም ጆሮ አልጠፋም። «ተው» አልኩት። «ሐኪሟ ያለችውን አስታውስ።»

ላሳ ዋዛ ፈገግ አለ። «ምነው ረጀብ? የእሳት ሰው እሳት ፈራ እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከሚፈራውና ከሚያፍርበት መካከል ይመርጣል፤ አብዛኞቻችን ከማፈር መሞት ይቀለናል። ረጀብ ካንግሪዋን ተቀብሎ ከፈረኑ ሥር በጉልበቶቹ መካከል አስገባት። «እሳትን እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለ።

ሻዕባን ያን ቀን እንደተናገረው ተናግሮ አያውቅም። «ጋሼ፣ ያ የሶፖሩ ሰርግ ትዝ ይልዎታል? ዝናቡ ድንኳኑን ጥሎት ድስቱን በፈረንዎ የሸፈኑት?» ይላል። ረጀብ ይተርካል። «ጋሼ፣ ያ በጉን በድን ያመጣው ሥጋ ሻጭስ?» ይላል። ረጀብ ይስቃል፣ ያን ሥጋ ሻጭ እንዴት እንዳዋረደው ይተርካል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እየተረከ ሲሄድ ጉልበቱ ዘንበል ብሎ ሸክላዋ ላይ ተደገፈ፤ ብርታቱን ሊያሳያቸው ይበልጥ አጠፈው። በረዶ ያደነዘዘው፣ ቢላዋ ያደነዘዘው ጉልበት ምንም አልነገረውም።

ድንገት ንግግሩን አቋረጠ። አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣ።

«ታጃ! ድስቱ አረረ!»

«እሳት ላይ ድስት የለም አባባ» አለች ከውስጥ። «ሻይ ነው ያለው።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ሥጋ ነው! ያልተገፈፈ ቆዳ ከነስቡ፣ ውኃ ያልነካው። ከሥር እየያዘ ነው! ሰው አደርግሻለሁ ብዬ ደከምኩ፤ ዛሬ ደግሞ ቤቴን ልታነጂብኝ—»

ሁላችንም አሸተትን። በእርግጥ ይሸት ነበር። ላሳ ዋዛ ከሙያው የተነሣ «የጎን ሥጋ ይመስላል» አለ። ሻዕባን ምንጣፉን ያይ ነበር።

ታጃ የሻይ ትሪውን ይዛ ገባች። መጀመሪያ የሻዕባንን ባዶ እጆች አየች፤ ከዚያ የረጀብን ፈረን። ከአንገትጌው ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር። ትሪው ከእጇ ወደቀ። ዘልላ ፈረኑን ገለጠችው።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። ስፌቱ ያለፈበት ቆዳ በሸክላዋ አፍ ልክ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ነጥቶ፣ ያንጠባጥብ ነበር። ረጀብ ገና አልገባውም፤ «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?» ይላል፤ የሁላችንን ፊት ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ዋዛ ስለሆነ መቼ ማንሣት እንደነበረበት ያውቃል።

«የእኔ ነው?» አለ።

ቁስሉ አልዳነም። መግል ብረቱ ጋ ደረሰ። ሐኪሟ ብረቱን አወጣች፣ አጥንቱን ከአጥንት አጋጥማ አሠረችው፤ እግሩ ከዳሌ እስከ ተረከዝ አንድ እንጨት ሆኖ ቀረ። ጉልበት የሚባል ነገር እዚያ እግር ላይ የለም።

ታጃ ሻዕባንን በጠባቧ መንገዳችን አገኘችው፤ እኔ በሬ ላይ ቆሜ ነበር።

«ካንግሪ አልያዝኩም አላሉኝም?»

«ለእኔ አልያዝኩም ማለቴ ነው። ለወንድሜ ነበር።»

«ሐኪሟ ስትናገር ቆመው ሰምተዋል! ደግመው ጠይቀዋታል!»

«ታጃ፣ እኔ የሽንኩርት ሰው ነኝ። የተማረ ሰው ነገር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በአንዱ ይወጣል።» ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ወንድሜን በረደው፤ ፍሜን ሰጠሁት። እስቲ ሂጂና ሰፈሩን ጠይቂ፤ ፍም ሰጠ ተብሎ የሚከሰስ ሰው አለ?»

የለም። ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን ተረቱ የማይነግረን ነገር አለ። የተወጋው ጦሩን ከየት እንደሚያገኘው አይነግረንም። ሻዕባን ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያ ሲፈልግ ኖረና ያገኘው በመልካም ልማዳችን ውስጥ ነው። ክፋት በራሱ ልብስ ቢመጣ ደጃፍ ላይ እንመልሰው ነበር። ደግነትን ለብሶ ሲመጣ ግን ተነሥተን ቦታ እንለቅለታለን።

ሰፈሩም ፈረደ። ጥፋተኛዋ ታጃ ሆነች። «እግሩን በበረዶ ገድላው ነው፤ የሞተ እግር ፍም ምን ያደርገዋል?» አሉ። ከሁሉ የሚብሰው፣ ረጀብ ራሱ ይህን ተቀበለ። ታናሽ ወንድሜ በሰው ፊት ሥጋዬን ጠበሰኝ ከማለት ምራቴ አቀዘቀዘችኝ ማለት ቀለለው። ታጃን «በረዶ» ብሎ ይጠራት ጀመር። «በረዶ፣ ውኃ አምጪ። በረዶ፣ ድስቱ ሸተተኝ።» እሷም ውኃ ታመጣለች፣ ቁስሉን ታጥባለች፣ ሰገራውን ታወጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ «እውነቱን እርስዎ ያውቁታል» ስትለው ሰማሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የሐጂ ሙቅቢል ሰርግ ደረሰ። ረጀብ ውሰዱኝ አለ። ታጃ «አይሂዱ አባባ፤ ምን ሊያዩ?» አለችው። «እነሱ እኔን ይዩ» አለ። በመኪና ወሰዱት፤ እግሩ በኋለኛው መቀመጫ ላይ እንደ ሳንቃ ተጋድሞ።

ከአትክልቱ ሥፍራ ጫፍ ሸራ ተዘርግቷል፤ ግንዱ ይነድዳል፤ ድስቶቹ በሁለት ወገን ይንተከተካሉ። ራስጌው ላይ ሻዕባን ቁጢጥ ብሏል። ረጀብን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ከእሳቱ ጀርባ፣ በድስቶቹና በሸራው ግድግዳ መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ አስቀመጡት። ረዳቶቹ እየመጡ እጁን ሳሙት። ያንን ያህል ወርዶ የነበረ ሰው፣ እጁን ሲስሙት ደረቱ ተነፋ። ዓይኑ ግን ከዚያች አንድ ክንድ መሬት አልተነሣም።

ጉሽታባ የሚባለው የተደቃ ሥጋ በእርጎ ሲበስል የሰርጉ መጨረሻ ነው፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ምግብ አይቀርብም፤ አለቃ የሚመሰገነውም የሚወገዘውም በእሱ ነው። ሻዕባን መረቁን በሳህን ጨልፎ ተነሣ፤ ሽማግሌዎቹ እያዩት ወደ ወንበሩ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ያለ እርስዎ ምርቃት አይወጣም። ይቅመሱልኝ።»

ረጀብ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። በኋላ እኔም ከዚያው በላሁ፤ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም። ረጀብ ይህን ከእኔ ቀድሞ አውቋል።

«ጨው አንሶታል» አለ።

ሻዕባን አልተቆጣም። ሄዶ የጨው ሳጥኑን አመጣና በሁለት እጁ ዘረጋለት። «እርስዎ ካሉ አንሷል። እንግዲያው እርስዎው ይጨምሩበት ጋሼ።»

ረጀብ እጁን አስገብቶ ጨው ዘገነ። የለመደ እጅ ነው፤ መጠኑን ራሱ ያውቃል። ከዚያ ወደ ድስቱ አየ። ድስቱ መሬት ላይ ነው፣ እሱ ወንበር ላይ። ወደ ፊት አዘነበለ፤ እግሩ ከፊቱ እንደ አጥር ተዘርግቶ አላሳልፍ አለው። በጎን ሞከረ፤ ወንበሩ ዘነበለ፣ ታጃ ከኋላ ያዘችው። «ልቀቂኝ» አላት። እንደገና ተንጠራራ። ጡጫው ከድስቱ አፍ በላይ በጣም ሩቅ ቀረ። ከዚያ ቢበትነው የሚደርስ ነበር፤ ግን ከላይ ጨው የበተነ ዋዛ የለም፤ ይህን እሱ ነው ለዚያ ሁሉ ሰው ያስተማረው። ሽማግሌዎቹ ይመለከታሉ። መረቁ ይንተከተካል። አንድ ረዳት ሳቁን በክርኑ ሸፈነ።

«ይበቃዋል» አለ ረጀብ ቀስ ብሎ።

«ምን አሉኝ ጋሼ? እሳቱ ይጮኻል፤ አልሰማሁም።»

«ደርሷል!»

«ጨው ልክ ነው?»

«ልክ ነው አልኩህ!»

ሻዕባን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ላሳ ዋዛ «በረካ ይሁንልህ አለቃ» አለው። ረዳቶቹም አንድ ላይ ደገሙት። ሻዕባን ወደ ራስጌው ተመልሶ ቁጢጥ አለ፣ ክዳኖቹን አስከፈተ፣ ምግቡን አውጡ ብሎ አዘዘ። ትልልቆቹን ትሪዎች የተሸከሙ ሰዎች በዚያች ጠባብ መተላለፊያ መሮጥ ጀመሩ። የመጀመሪያው የረጀብ እግር አደናቅፎት ሊወድቅ ነበር።

«ጋሼ» አለ ሻዕባን ከእሳቱ ዳር፣ ቀና ሳይል፣ «እግርዎን ትንሽ ሰብሰብ ያድርጉልን፤ ሰው ይለፍ።»

የረጀብ ጡጫ ከነጨው ጭኑ ላይ እንደተጨበጠ ነበር።

«እሱንማ ማጠፍ አይችሉም ለካ» አለ ሻዕባን። ሁለት ረዳቶችን በአገጩ ጠቀሰ። ወንበሩን ከነሰውየው አንሥተው አዞሩት፤ እግሩ ከመንገድ እንዲወጣ ፊቱን ወደ ሸራው አድርገው አስቀመጡት። ከጀርባው እንግዶቹ በሉ፣ አመሰገኑ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ታጃ እስኪጨርሱ ድረስ ከወንበሩ አጠገብ ቆመች።